የጆሮ ምስክርነት

ሰው ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ መሆኑን ለመግለጥ በፈለገ ጊዜ ‹‹በዓይኔ አይቼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ›› ይላል። ይህ አነጋገር በአደባባይም ሆነ በችሎት ክብር ያለው ነው። በወሬ የመጣውን ነገር የሚንቅ ዳኛ እንኳ ‹‹እኔ ራሴ ሰምቻለሁ›› የሚለውን ምስክር ቀና ብሎ ያዳምጠዋል። ነገር ግን ሰሚው ቅን፣ ጆሮውም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምስክርነቱ ከእውነት የራቀ ሊሆን ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ፣ ሊዋሽ ሳያስብ እውነት ያልሆነውን የመሰከረ ሰው ከዕዳ ነጻ ነውን? ይህን ጥያቄ በረቂቅ ቃላት ከማመላለስ ይልቅ በአንድ የቤት ዕቃ ላይ አድርገን ብንመረምረው ይቀለናል። ዕቃውም ሙዚቃ የምንሰማበት የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ነው።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ ልግለጥ። ከሸክላ፣ ከቴፕ፣ ከራዲዮ፣ በዛሬው ዘመንም ከኮምፒዩተርና ከስልክ የሚወጣው የድምፅ ምልክት እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ስፒከሩን ሊያንቀሳቅስ አይችልም። በመካከል ገብቶ፣ ከግድግዳው መስመር በሚያገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ይህን ደካማ ምልክት የሚያበረታው መሣሪያ አምፕሊፋየር ይባላል። ሥራው የአዋጅ ነጋሪ ሥራ ነው። አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት አስጎስሞ የተሰጠውን ቃል ለሕዝብ ያሰማል እንጂ ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ አንዲትም አያጎድልም። አምፕሊፋየርም እንዲሁ የተቀበለውን ድምፅ አጉልቶ ለስፒከሩ ያደርሳል፤ ከዚህ ያለፈ ነገር ባደረገ ጊዜ ግን ከታማኝነቱ ወጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። ሁለት አዋጅ ነጋሪዎች አንዱን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ካሰሙ፣ አንደኛው ከሌላው በምን ይበልጣል? ሆኖም በገበያ ላይ ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ አምፕሊፋየር አለ፤ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ዶላር የሚያወጣም አለ። የውዱ ባለቤቶች ስለ ድምፁ ሲናገሩ ‹‹ሞቅ ያለ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ዘፋኙ ከፊታችሁ የቆመ ይመስላችኋል›› ይላሉ፤ ስለ ርካሹም ‹‹ደረቅ ነው፤ ጆሮ ይቧጥጣል›› ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ቀጣፊዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ሙዚቃን ከልባቸው የሚወዱ፣ የተማሩና ጨዋ ሰዎች ናቸው። የሚናገሩትንም በእውነት ሰምተናል ብለው ያምናሉ።

ታማኝ አምፕሊፋየር መሥራት በመጀመሪያ ቀላል አልነበረም። አሜሪካዊው ሊ ዴ ፎረስት በ1906 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውዲዮን የተባለውን የመስታወት ቫልቭ ከሠራ በኋላ ደካማውን ምልክት የማጉላት መንገድ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ቫልቩ ድምፁን ባጎላ መጠን የራሱን ጠባይ ይጨምርበትና ያዛባው ነበር። ለዚህ ችግር መድኃኒት የተገኘው በ1927 ነው። ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ወደ ሥራው ለመሄድ በጀልባ ተሳፍሮ ሳለ አንድ አሳብ መጣለትና በእጁ በነበረው ጋዜጣ ላይ ነደፈው። አሳቡም ከአምፕሊፋየሩ ከሚወጣው ምልክት ጥቂቱን ወስዶና ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ ነው። በዚህ መንገድ መሣሪያው ራሱ የተናገረውን ከተሰጠው ቃል ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ባገኘም ጊዜ ራሱን ያርማል። ስለዚህ እርማት ግን ዋጋ ይከፍላል፤ ከማጉላት ኃይሉ ብዙውን አሳልፎ ይሰጣል። ኃይሉን ቀንሶ ታማኝነትን ይገዛል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እየተቃና ሄደ። በ1947 ዲ. ቲ. ኤን. ዊሊያምሰን ዋየርለስ ወርልድ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ያሳተመው ንድፍ የድምፁን መዛባት ወደ 0.1 በመቶ ገደማ አወረደው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተሠራ፤ ከጊዜ በኋላም የቫልቩን ስፍራ አብዛኛውን ወረሰ። ስለዚህ በመልካም አሠራር የተሠሩ አምፕሊፋየሮች ሁሉ፣ ርካሾቹም ውዶቹም፣ ከአቅማቸው በላይ እስካልተገደዱ ድረስ ቃሉን ሳይለውጡ የሚያደርሱ አዋጅ ነጋሪዎች ለመሆን ቀረቡ። የመለኪያ መሣሪያው እንዲህ ሲል የሰው ጆሮ ግን ‹‹የለም፤ ትልቅ ልዩነት አለ›› እያለ መመስከሩን ቀጠለ።

መለኪያውና ጆሮው ሲጣሉ ማን ይዳኝ? ‹‹ሙዚቃ የተሠራው ለጆሮ ነውና ጆሮ ይዳኝ›› ቢባል ትክክል ነው። ነገር ግን ዳኛ ለመሆን የሚበቃ ጆሮ ፊት አይቶ የማያደላ ጆሮ ነው። ስለዚህ ጠቢባኑ ጆሮን ብቻውን የሚያስፈርዱበትን ሥርዓት ፈለጉ። በ1950 መንሰንና ጋርድነር የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች የዚህን ሥርዓት መሠረት ጣሉ፤ በ1982 ደግሞ ዴቪድ ክላርክ ለአምፕሊፋየሮችና ለሌሎች የድምፅ መሣሪያዎች እንዲስማማ አድርጎ የተሻሻለውን መሣሪያ በጽሑፍ አስተዋወቀ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ሀ እና ለ ይባላሉ። ሰሚው ሀን ይሰማል፤ ለንም ይሰማል፤ ከዚያም ማንነቱ የተሰወረውን ሦስተኛውን ድምፅ ይሰማና ‹‹ይህ ሀ ነው›› ወይም ‹‹ይህ ለ ነው›› ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛውን የሚመርጠው ዕጣ ስለ ሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ሰው መልሱን አያውቅም። ይህም በፊቱ ገጽታ ወይም በሳሉ እንኳ ለሰሚው ምልክት የሚሰጥ እንዳይኖር ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ምንም ሳይሰማ በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከ16 ጥያቄ 8 ያህሉን ማግኘቱ አይቀርም፤ 12ና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ግን ከመቶ ከ4 ያነሰ ነው። ስለዚህ 12 ያገኘ ሰው በእውነት ሰምቷል ብሎ ለመገመት ምክንያት አለን፤ 8 ያገኘው ግን ሳንቲም ወርውሮ ከሚመልስ ሰው የተሻለ ምስክር አልሆነም።

በዚህ ሥርዓት ሌላ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። የሁለቱ መሣሪያዎች የድምፅ ከፍታ እስከ ዴሲቤል አንድ አሥረኛ ድረስ እንዲተካከል ይደረጋል። ምክንያቱ የሚያስገርም ነው። የአንደኛው ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ ሰሚው ‹‹ይህኛው ጮኸ›› አይልም፤ ‹‹ይህኛው ጠራ፤ ይህኛው ሕይወት አለው›› ይላል እንጂ። የመጠን ልዩነት በሕሊናው ውስጥ ወደ ጥራት ልዩነት ይለወጥበታል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር በአምፕሊፋየር ብቻ የሚቀር ይመስልሃልን? በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ሰው እውነተኛ፣ በለሆሳስ የተናገረው ግን ጥርጣሬ ያለበት ሆኖ የታየበትን ቀን እያንዳንዳችን እናስታውሳለን።

ፈተናዎቹ ምን አሳዩ? በ1978 ጄምስ ሞይር በእንግሊዝ አገር የኳድ ኩባንያ በተለያየ ዘመን የሠራቸውን ሦስት አምፕሊፋየሮች፣ አንዱን ባለ ቫልቭ፣ ሁለቱን ባለ ትራንዚስተር፣ በልምድ ለታወቁ ሰሚዎች ሰውሮ አሰማቸው፤ ሰሚዎቹም ሊለዩአቸው አልቻሉም። በ1987 ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከዚህ ሰፋ ያለ ፈተና አሳተመ። ከቀረቡት መሣሪያዎች አንዱ 220 ዶላር ገደማ፣ ሌላው 12,000 ዶላር የሚያወጣ ነበር። ከሰሚዎቹም መካከል ‹‹ልዩነት አለ›› ብለው በጽኑ የሚያምኑ ነበሩበት። መልሶቻቸው ተደምረው ሲቈጠሩ ግን ሳንቲም በመወርወር ከሚገኘው ውጤት አልራቁም።

ከዚህ ተነሥቶ ‹‹እንግዲያውስ አምፕሊፋየር ሁሉ አንድ ነው›› ብሎ መደምደም ግን ሌላ ስሕተት ነው። ለትንሽ ክፍል የተሠራ አነስተኛ መሣሪያ ለትልቅ አዳራሽ ሲገደድ ድምፁ ይቈረጣል፤ ይህንንም ማንም ይሰማዋል። አንዳንድ ስፒከሮች ለኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ደካማውን አምፕሊፋየር ያስጨንቁታል። ብዙዎቹ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየሮች ደግሞ በመውጫቸው ላይ ከፍ ያለ ተቃውሞ ስላላቸው ድምፃቸው እንደ ስፒከሩ ጠባይ በመጠኑ ይለዋወጣል። በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለ መሐንዲስ ስቴሪዮፋይል ለተባለው መጽሔት አዘጋጆች አንድ ውርርድ አቀረበ። 700 ዶላር ገደማ የሚሸጠውን የራሱን አምፕሊፋየር አስተካክሎ እነርሱ ከመረጡት እጅግ ውድ መሣሪያ ጋር በድምፅ አንድ እንደሚያደርገው ተናገረ። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ በሁለቱ መካከል ልዩነት ይሰሙ ነበር። እርሱም የሁለቱን መሣሪያዎች ምልክት እርስ በርሱ እያጣፋ፣ የቀረውን ትርፍ እየለካ፣ መሣሪያውን ለብዙ ሰዓት አረመ፤ በመጨረሻም አዘጋጆቹ ሊለዩት እንዳልቻሉ በመጽሔታቸው ጻፉ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ልዩነት በእውነት ሊኖር ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን፣ ልዩነቱ ከዋጋውና ከስሙ የሚመነጭ ምስጢር ሳይሆን ምክንያቱ የሚታወቅና በእጅ የሚታረም ነገር ነው የሚለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቅን ሰው የሌለውን ነገር እንዴት ሊሰማ ይችላል? ጆሮ ብቻውን አይሰማም፤ የሚሰማው ከሕሊና ጋር ነው፤ ሕሊና ደግሞ ድምፁ ሳይደርስ አስቀድሞ እንግዳ ተቀብሏል። የመሣሪያው ስም፣ ክብደቱ፣ የፊቱ ውበት፣ የተከፈለበት ገንዘብ፣ ወዳጃችን ስለ እርሱ የተናገረው ቃል፣ እነዚህ ሁሉ ከድምፁ በፊት ገብተው ወንበር ይዘዋል። ድምፁ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ የሚያገኘውም የተረፈውን ስፍራ ነው። ይህም በጀማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ ሃርማን በተባለው የድምፅ መሣሪያዎች ኩባንያ ውስጥ 40 የኩባንያውን ሠራተኞች ሰብስበው አራት ዓይነት ስፒከሮችን አሰሙአቸው፤ አንድ ጊዜ ሰውረው፣ አንድ ጊዜ ገልጠው። ስፒከሮች በድምፅ በእውነት የሚለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። ሆኖም ተሰውረው በተሰሙ ጊዜ መልካም ነጥብ ያገኙት አነስተኛና ርካሽ ስፒከሮች፣ በተገለጡ ጊዜ ነጥባቸው ዝቅ አለ፤ የትልልቆቹና የውዶቹ ግን ከፍ አለ። ድምፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጋረጃው ነበር። ፈራጆቹም የዚሁ ሙያ ሰዎች እንደ ነበሩ እናስተውል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሁለቱም ክብር የሚገባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ተቃዋሚ እንዲህ ይላል፦ ‹‹ፈተና ሰውን ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ ጆሮ ረቂቁን ነገር አይሰማም፤ ደግሞም አልሰማሁም ማለት የለም ማለት አይደለም።›› የመጨረሻው ቃል እውነት ነው። ፈተናው አንድን ነገር ‹‹የለም›› ብሎ ለዘላለም ሊፈርድ አይችልም። ነገር ግን አስቀድሞ የተባለው ‹‹ልዩነቱ እንደ ቀንና ሌሊት ነው›› የሚል ነበር። ቀንና ሌሊትን ለመለየት መጋረጃ የማይከለክለው ሰው፣ መጋረጃው በተጋረደ ጊዜ መለየት ካቃተው፣ ቢያንስ ምስክርነቱን ዝቅ አድርጎ ‹‹መስሎኛል›› ማለት ይገባዋል። ‹‹ሰማሁ›› ከማለት ወደ ‹‹መስሎኛል›› መውረድ ውርደት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ የሚናገረው ከዚህ የበለጠ ልብ ይነካል። ‹‹ሰውየው በውዱ አምፕሊፋየሩ ፊት ማታ ማታ ተቀምጦ ሙዚቃ ሲሰማ ደስ ይለዋል። ደስታው እውነተኛ ነው። ምክንያቱ ድምፁ ይሁን ስሙ ምን አገባችሁ? ስለ ምን ትነጥቁታላችሁ?›› ይላል። እኔም ደስታውን የሚነጥቅ ሰው ክፉ ነው እላለሁ። በሚያምር ዕቃ፣ በሠራተኛ እጅ ጥበብ፣ ለብዙ ዓመት ተመኝተው በማግኘት ደስ መሰኘት ነውር የለበትም። በሐር የተለበጠ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሐሩን ልስላሴ ከቃሉ ጣዕም ጋር ቢያጣጥም ማንም አይከሰውም። ቤቱ የራሱ ነው፤ ገንዘቡም የራሱ ነው።

ነገር ግን ደስታ የግል፣ ምስክርነት ግን የጋራ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ያላወቀ ሰው በቅንነቱ ብቻ ከዕዳ አይድንም። ‹‹ይህ ያስደስተኛል›› ብሎ የተናገረ ሰው ስለ ራሱ ተናግሯል፤ ማንም ሊያርመው አይችልም። ‹‹ይህ ከዚያ ይበልጣል›› ብሎ የተናገረ ሰው ግን ስለ ዓለም ተናግሯል፤ በቃሉም ላይ ተመሥርቶ ሌላው ሰው ገንዘቡን ያወጣል፤ አንደኛውን ሠሪ ያከብራል፤ ሌላውን ሠሪ ያዋርዳል። በዚያ በርካሹ መሣሪያ በስተኋላ እኮ አስቦና ደክሞ በመልካም የሠራ፣ ስም ግን የሌለው መሐንዲስ አለ። ሥራው ሳይሰማ በዋጋው የተፈረደበት ጊዜ ተበድሏል። በደሉንም የፈጸመው ውሸታም አይደለም፤ ራሱን ያልመረመረ ቅን ሰው ነው። ከሁሉ የከፋውም ይህ ነው፤ ውሸታም የሠራውን ስለሚያውቅ አንድ ቀን ሊጸጸት ይችላል፤ ራሱን ያልመረመረ ቅን ሰው ግን የሚጸጸትበትን ነገር አያይም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ በቤታቸው ውድ አምፕሊፋየር የላቸው ይሆናል። ነገር ግን ሁላችንም በየሥራችን ፈራጆች ነን። መምህሩ የተማሪዎቹን ወረቀት ሲያርም፣ በላዩ ላይ የጎበዙን ተማሪ ስም ካየ በኋላ ደብዛዛውን መልስ ‹‹ይህን ማለቱ ነው›› ብሎ ያቃናለታል፤ በሰነፉ ተማሪ ወረቀት ላይ ያንኑ መልስ ሲያገኝ ‹‹አልገባውም›› ብሎ ይሰርዘዋል። አንዱንም ሊበድል አላሰበም። የመሥሪያ ቤት ሹም ሥራ ፈላጊዎችን ሲጠይቅ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደ ተማረ አስቀድሞ ያወቀው አመልካች ሲናገር ‹‹አነጋገሩ ብስለት አለው›› ይላል። የዕቃ ግዢ ኮሚቴ አባል የታወቀውን ኩባንያ ስም በወረቀቱ ራስ ላይ ሲያይ ዕቃው ራሱ ሳይፈተሽ ‹‹ጥራቱ የታወቀ ነው›› ብሎ ይፈርማል። በእነዚህ ሁሉ ላይ አምፕሊፋየሩን የሚያሞግሰው ሰው ነገር ይደገማል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚወጣው ገንዘብና የሚጎዳው ዕድል የራሳችን አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ በአንዳንድ ፈተና ወረቀት ላይ በተፈታኙ ስም ፈንታ ቍጥር የሚጻፈው መምህራን ሐሰተኞች ስለ ሆኑ አይደለም። ገና ያልመሰከረ ምስክር ከችሎት ውጭ እንዲቆይ የሚደረገውም የሌላውን ቃል ሰምቶ ያንኑ የራሱ አድርጎ እንዳይናገር እንጂ ስለ ተናቀ አይደለም። መጋረጃው የተሠራው ለሌባ ሳይሆን ለደግ ሰው ነው። ሌባው መጋረጃውን ይቀድደዋል፤ ደጉ ሰው ግን በመጋረጃው ተረድቶ እውነቱን ይናገራል። ‹‹እኔ እኮ አላዳላም፤ ስለ ምን ስሙን ትሸፍኑብኛላችሁ?›› ብሎ የሚቈጣ ሹም በ1994 ከተፈተኑት የድምፅ ባለሙያዎች እርሱ ይበልጥ እንደሚሰማ ማስረዳት አለበት። በእርግጥ ሁሉን ነገር በመጋረጃ መፈተን አይቻልም። ወዳጅን ለመምረጥ፣ የታመመን ለማጽናናት ፊት ማየት ያስፈልጋል። ነገር ግን ፍርዳችን በሌላው ሰው ዕጣ ላይ በሚወድቅበት ስፍራ፣ ስሙን መሸፈን በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ እንሸፍነው፤ ከፍ ብሎ የሚሰማውንና ዝቅ ብሎ የሚሰማውን ድምፅ አስተካክለን እንስማ፤ አንድ ጊዜ ሰምተን አንፍረድ፤ መሸፈን በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ‹‹ይህን ወረቀት ስሙ የማይታወቅ ሰው አምጥቶት ቢሆን ምን እል ነበር?›› ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ሃሮልድ ብላክ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያሰበው አሳብ ለሰውም የሚሆን ይመስለኛል። አምፕሊፋየሩ ታማኝ የሆነው ኃይለኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከተናገረው ቃል ጥቂቱን ወደ ራሱ መልሶ ከተቀበለው ጋር ስላስተያየና ስላረመ ነው። ለዚህም ከኃይሉ ብዙውን ከፍሏል። ሰውም የሰጠውን ፍርድ መልሶ ከሰማው ነገር ጋር ያስተያይ ዘንድ ቢፈቅድ፣ ‹‹እኔ ያልሁት›› ከሚለው ኃይሉ ጥቂት ያጣል፤ ፈጥኖ መፍረዱና በእርግጠኝነት መናገሩ ይቀንስበታል። በምትኩ ግን የሚታመን ምስክር ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ‹‹በጆሮዬ ሰምቼ›› ያለ እንደ ሆነ፣ በርግጥ የሰማው በጆሮው ነው።